ሳንባው አለን፣ ግጥሚያው ግን

ቡጢኛው ጌናዲ ጎሎቭኪን ለትልቅ ግጥሚያ ሲዘጋጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለችው ቢግ ቤር ይወጣ ነበር። ኦስካር ዴ ላ ሆያም እዚያው ተራራ ላይ ሠልጥኗል። የቦታዋ ከፍታ 2,050 ሜትር ገደማ ነው። የሀዲያዋ ከተማችን ሆሳዕና ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከቦኖሻ መጥቶ ሆሳዕና የሚማር ልጅ እነሱ በዶላር የሚፈልጉትን አየር በነጻ ይተነፍሳል።

ታዲያ ለምን ቡጢኛ አላወጣንም? ጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ ላይ ማሞ ወልዴ የማራቶን ወርቅ ሲወስድ ቡጢኞቻችንም እዚያው ነበሩ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጎረቤታችን ኬንያ ግን በፊሊፕ ዋሩይንጌ ነሐስ አገኘች፤ የውድድሩ ምርጥ ቡጢኛ ተብሎ የተሸለመውም እሱ ነው። መስከረም 1981 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው ኬንያዊ ሮበርት ዋንጊላ ሴኡል ላይ ወርቅ አጠለቀ። እኛ በዚያ ኦሊምፒክ አልተገኘንም። እስከ ዛሬ የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የአትሌቲክስ ናቸው።

ትንፋሽ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የፕሮፌሽናል ሻምፒዮና ግጥሚያ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ የሆነ 12 ዙር ነው፤ በመሃል ያለው እረፍት 1 ደቂቃ ብቻ። ነገር ግን ሯጭ የራሱን ፍጥነት ይመርጣል፤ የቡጢኛን ትንፋሽ የሚቆርጠው ባላጋራው ነው። ጡንቻም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ከባድ ቡጢ የሚነሳው ከእግር ጣት ነው፤ ዳሌ ያዞረዋል፣ ትከሻ ይለቀዋል፣ ክንድ ማድረሻ ብቻ ነው። ክንዱን ብቻ የሚወረውር ጎረምሳ በሁለተኛው ዙር እጁ ይዝላል።

ከሁሉ በላይ የምሰጠው ቦታ ለርቀት ግምት ነው፤ ከባላጋራ ቡጢ በአንድ ጣት ርቆ፣ ለራስ ቡጢ ግን ቀርቦ መቆም። ይህ የእግር ሥራ ነው። የዩክሬናዊው ቡጢኛ የቫሲል ሎማቼንኮ አባትና አሠልጣኝ አናቶሊ ልጁን ለጊዜው ከቡጢ አስወጥቶ የዩክሬን ባህላዊ ጭፈራ አስተምሮታል። ባላጋራው ፊት ለፊት ሲጠብቀው ሎማቼንኮ ጎኑ ላይ ይገኝ ነበር። (ሰርግ ላይ እየጨፈረ ላደገ የሀዲያ ወይም የከምባታ ልጅ ይህ ትምህርት ግማሹ ተሠርቷል ባይ ነኝ።)

የቀረው ልምድ ነው፤ እዚህ ላይ ነው የምንወድቀው። ሎማቼንኮ በአማተርነቱ 396 ጊዜ አሸንፎ አንዴ ብቻ እንደተሸነፈ ይነገርለታል። ያችን አንድ ሽንፈት ያደረሰበትን አልበርት ሰሊሞቭን በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ አግኝቶ ረታው፤ ወርቁንም ወሰደ። ይህን ሁሉ ይዞ ፕሮፌሽናል ሲሆን እንኳ በ2ኛው ግጥሚያው ኦርላንዶ ሳሊዶ የሚባል ብዙ የተደበደበና ብዙ የደበደበ ሜክሲኳዊ በጉልበትና በተንኮል አሸነፈው። በ3ኛው ግን የዓለም ቀበቶ ታጠቀ። የሳሊዶን ዓይነት ትምህርት ከረጢት በመደብደብ አያገኙትም።

ይህ ዕድል ግን ለሁሉም ልጅ አይደርስም፤ የአገራችን ጠንካራ የቡጢ ክለቦች የቆዩት በፖሊስ፣ በመከላከያና በማረሚያ ቤቶች ጥላ ሥር ነው። በክልል ከተሞች የስፖርቱ ገንዘብም ጭብጨባውም ወደ እግር ኳስ ይሄዳል፤ ሆሳዕናም የእግር ኳስ ክለቧን ሀዲያ ሆሳዕናን ይዛ ከዚህ አልወጣችም። እዚህ ቡጢ ላስጀምር ብባል ጓንት፣ የጥርስ መከላከያና ከረጢት ከገዛሁ በኋላ የቀረውን በጀት ለሚኒባስ ኪራይ አውለው ነበር፦ ልጆቹ በየወሩ ዱራሜ፣ ቡታጅራ፣ ሶዶና ሀዋሳ እየሄዱ ከማያውቁት ልጅ ጋር እንዲጋጠሙ።