ስኳር፣ ጾምና የውጥረት ሆርሞን

በደምበጫ እንደሌላው የጎጃም ደጋ ሁሉ ጿሚው ሰው በጾም ቀን እህል ውኃ የሚቀምሰው እኩለ ቀን ካለፈ ወይም ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ በኋላ ነው። ወተትና ቅቤ በጾም ይከለከላሉ፤ ስኳር ግን አይከለከልም። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ባዶውን የቆየ ሰውነት በጣፋጭ ሻይ ሊቀበል የሚችለው ስኳር ለውጥረት የሚሰጠውን ምላሽ እንዴት ይለውጠዋል የሚለው ጥያቄ ለአካባቢው ተመራማሪ ሩቅ አይደለም።

ሰው ሲጨነቅ በአንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ፒቱታሪ ዕጢን፣ ይህም በኩላሊት ራስ ላይ የሚገኘውን አድሬናል ዕጢ ያነቃቃል፤ ኮርቲሶልም ወደ ደም ይለቀቃል። ከኮርቲሶል ተግባራት አንዱ ጉበት ግሉኮስ እንዲያመነጭ ማድረግ ነው። የውጥረት ምላሽ ከመነሻው የኃይል አቅርቦት ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

ጎንዛሌዝ-ቦኖና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ከምግብ የተከለከሉ 37 ጤናማ ወንዶች ግሉኮስ፣ ፕሮቲን፣ ስብ ወይም ውኃ ብቻ ከወሰዱ በኋላ በሰው ፊት ንግግር እንዲያደርጉና የቃል ስሌት እንዲሠሩ ተደረገ። ኮርቲሶላቸው ጎላ ብሎ የጨመረው ግሉኮስ የጠጡት ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ትራየንና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ውጤት ግን ወደ ተቃራኒው ያመራል። በካሊፎርኒያ 19 ሴቶች በስኳር ወይም በአስፓርቴም የጣፈጠ መጠጥ በቀን ሦስት ጊዜ ለ12 ቀናት ጠጡ። ከዚያም ከባድ የሒሳብ ፈተና ሲቀርብላቸው የስኳር ጠጪዎቹ የኮርቲሶል ምላሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ሁለቱ ጥናቶች ይጋጫሉ ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። አንደኛው የተራበ ሰውነት ለአንድ መጠጥ የሰጠውን መልስ፣ ሌላው የልማድን ውጤት ይለካል፤ የተሳታፊዎቹ ጾታም የተለያየ ነው፣ ቁጥራቸውም ትንሽ ነው። በተጨማሪም የኮርቲሶል መቀነስ እፎይታ ብቻ ተደርጎ አይወሰድም፤ ሆርሞኑ አደጋን ለመቋቋም ያስፈልጋልና። የሚያረጋጋ ስኳር ወደ ስኳር የሚመልስ ልማድ ሊፈጥርም ይችላል።

ጉዳዩ በጎጃም ክብደት የሚያገኘው በመስክ ሥራ ላይ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በግጭት ውስጥ በቆየ አካባቢ የነዋሪውን ውጥረት በምራቅ ኮርቲሶል ለመለካት የሚነሳ ጥናት፣ ተሳታፊው ጿሚ መሆኑን፣ መጨረሻ የበላበትን ሰዓትና ከናሙናው በፊት ስኳር መቅመሱን ካልመዘገበ፣ የሻይን ውጤት ከመከራ ውጤት ሊለይ አይችልም። ኮርቲሶል በተፈጥሮው ከእንቅልፍ ከተነሱ በኋላ በግማሽ ሰዓት አካባቢ ከፍ ብሎ ወደ ማታ ይወርዳል፤ ለማኅሌት ሌሊት የተነሣ ሰው የጠዋት ናሙና ደግሞ ተኝቶ ካደረው ጋር እኩል ሊታይ አይገባም። መጠይቁ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ማስገባት ቀላል ነው፤ ናሙናው ከተሰበሰበ በኋላ ግን የሚጠየቅ ሰው ላይገኝ ይችላል።