የካርት እሽቅድምድምና የኩርባ አነዳድ

ከጎንደር የሚነሣው መንገድ ዳባትንና ደባርቅን ካለፈ በኋላ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረገ መንገድ ነው። በዚህ ቁልቁለት፥ ኩርባ ውስጥ ከገባ በኋላ ፍሬን የሚረግጥ ሾፌር ለምን ከመንገድ እንደሚወጣ በግልጥ የምታስረዳው፥ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፥ ካርት የምትባለው ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ናት።

የመጀመሪያዪቱን ካርት አርት ኢንግልስ የተባለ አሜሪካዊ በ1956 እ.ኤ.አ. በካሊፎርንያ ሠራ። የሠፈር ልጆች የሚሠሩት ባለ ኩሽኔታ ጋሪ ሞተር ቢገጠምለት እርሷን ይመስላል። ሞላ የላትም፤ ዲፈረንሻልም የላትም፤ ይኸውም ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ብረት ተያይዘው እኩል ይዞራሉ ማለት ነው። በኩርባ ላይ ግን የውጭው ጎማ ከውስጡ ይልቅ ረጅም መንገድ መሄድ አለበት። ስለዚህ ካርቷ በደንብ እንድትታጠፍ የውስጡ የኋላ ጎማ ጥቂት ከመሬት መነሣት ይኖርበታል። መሪውን በልክ ያልጠመዘዘ ነጂ ወይ ይንሸራተታል፥ ወይ ፍጥነቱን ያጣል፤ ስሕተቱንም ወዲያው በመቀመጫው ላይ ይሰማዋል።

ከበየዳ ተራራ በበቅሎ የወረደ ሰው የነገሩን ምሥጢር ያውቃል፤ ክብደቱ ወደ ፊት እግሮቿ እንዳይበዛ ወደ ኋላ ያዘነብላል። አውቶሞቢልም ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፤ የኋላዎቹ ይቀልላሉ፤ በዚያው ቅጽበት መሪው ቢጠመዘዝ የኋላው ይከዳል። ደግሞም አንድ ጎማ መሬት የሚይዝበት ኃይል የተወሰነ ነው፤ ለማቆም ያዋለውን ለመታጠፍ አያገኘውም። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይደርስ ነው፤ ፍሬኑም መሪው እየታጠፈ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይለቀቃል።

በለስላሳ ሞላ ላይ የተቀመጠ የቤት መኪና ይህን ሁሉ ከነጂው ይሸሽጋል። የስፖርት አውቶሞቢል ግን ዝቅ ያለና ሞላው ጠጣር ስለ ሆነ ከካርት የተገኘው ስሜት እዚያም ይሠራል። አየርተን ሴናም ሆነ ሉዊስ ሃሚልተን በልጅነታቸው የጀመሩት በካርት ነው።

ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ካርቶች የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም፤ የሚሮጡትም በተስተካከለ ሜዳ ላይ ነው። በረጅም ቁልቁለት ግን ሁልጊዜ የተረገጠ ፍሬን ይግልና መያዙን ይተዋል። ከካርት የመጣ ጎበዝ ነጂም ከደባርቅ ቁልቁል ከመጀመሩ በፊት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መግባትን ከአሮጌ የጭነት መኪና ሾፌር መማር ይኖርበታል።