ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጊዜያዊ ምትክ ስለ መምረጥ

በእንጅባራና በዳንግላ የሚነግዱ ወገኖቻችን ድንችና ከሰል ወደ አዲስ አበባ ሲልኩ፣ ዋጋ የሚጠያየቁት በኢንተርኔት ከሆነ ሰንብቷል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ግን ሁለት ሲም ካርድ የያዘው ከባለ አንዱ አልተሻለም።

ስለዚህ ምትክ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የመቋረጡን ምክንያት ይመርምር። የተበላሸው የቤቱ መስመር ብቻ ከሆነ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ይበቃዋል፤ መብራት ስለሚጠፋም ባለ ባትሪ የሆነውን ይምረጥ። ለደብዳቤና ለደረሰኝ ብዙ ዳታ አያስፈልግም። የወር ጥቅል ከመግዛቱ በፊት የአንድ ቀን ገዝቶ፣ በሥራው ሰዓት፣ በገዛ ቤቱ ይሞክረው፤ ሻጩ የሚያሳየው ፍጥነት የሻጩን ሰፈር ነው። ዳታ ጨርሶ ቢጠፋም የስልኩ መስመር እስካለ ድረስ ቴሌብር በ*127# ስለሚሠራ የጭነቱ ሒሳብ ሳይከፈል አያድርም።