ለወንድ «ት» ያለው፣ ለሴት የሌለው፦ የቁጥር ስሞች በምዕራብ ጎጃም

ቡሬ ገበያ በርበሬ ለመግዛት የቆመ ሰው «ኪሎው ስንት ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ «ሁለት ሁለት መቶ» ሊሆን ይችላል። አማርኛ «ለእያንዳንዱ» ለማለት ቁጥሩን ይደግማል፤ ጥምር ሲሆን ደግሞ የፊተኛውን ብቻ፦ «አሥራ አሥራ አምስት»። ላቲን ለዚሁ ሥራ ሌላ የቁጥር ስም አበጅቷል፤ ሁለት «ዱኦ» ሲሆን ሁለት ሁለት «ቢኒ» ነው።

በጾታ በኩል አማርኛ አያስቸግርም። «አንድ»ና «አንዲት» ካለፉ ሦስት በሬም ሦስት ላምም ያው ሦስት ነው። ላቲንም 1ን፣ 2ንና 3ን ካረባ በኋላ ከ4 እስከ 10 ያሉትን አይነካም።

ጣጣው ያለው ግእዝ ላይ ነው። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ስም ባተረፉበት በጎጃም ምድር፣ ተማሪው «ሠለስቱ ዕደው» ብሎ ሦስት ወንዶችን፣ «ሠላስ አንስት» ብሎ ሦስት ሴቶችን ይቆጥራል። «ንጉሥ»ን «ንግሥት» የምታደርገው «ት»፣ ቁጥር ላይ ስትደርስ ወደ ወንዱ ትዞራለች! ዕብራይስጥና ዐረብኛም እንዲሁ ያደርጋሉ። ደንቡ ግን ሁልጊዜ አይጠበቅም፤ «ቱ» ያለው ቅርጽ ለሴትም ሲገባ በመጻሕፍት ይገኛል። ተሳቢ ሲሆን ደግሞ «ሠለስቱ» «ሠለስተ» ይሆናል።

ግእዝ አልተማርኩም የሚለው ገበሬም ቢሆን ሠለስቱ ደቂቅን፣ አርባዕቱ እንስሳን፣ ዐሠርቱ ትእዛዛትን ሳይሳሳት ይጠራል። ፊደል የቆጠረ ሕፃን ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ ሲል የማዕርግ ቁጥር ማለቱ ነው። የነገሥታቱ ቀዳማዊና ዳግማዊም ከዚያው ወገን ናቸው። በእኔ እይታ የሰዋስው መጻሕፍት ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ ደርድረው ከማለፍ፣ ሕዝቡ ከሚያውቃቸው ከእነዚህ ስሞች ቢጀምሩ ይሻላቸው ነበር።

ከቡሬ ወደ እንጅባራ ሲወጣ የአገው ቋንቋ አዊኛ ይቀበላል። እዚያ ሰባት ከሁለት፣ ስምንት ከሦስት ስም ላይ የተሠሩ ናቸው፤ አምስትን መነሻ ያደረገ የቆየ አቆጣጠር ምልክት ነው።

ወደ ግእዝ ስንመለስ፣ ከግሪክ ፊደላት የመጡት አኃዞቹ ዜሮ የላቸውም፤ ጾታም አያሳዩም። ብራና ላይ ፫ ተጽፎ ሲገኝ «ሠለስቱ» ይሁን «ሠላስ» ወይስ «ሠለስተ»፣ የሚለየው ቀጥሎ ያለውን ስምና ማሰሪያውን አይቶ የሚያነበው ሰው ነው።