አሮጌ የሞዴል ባቡሮች እንዴት ይለያሉ?

የእውነተኛ ባቡር አምሳያ ኾነው በትንሹ የተሠሩ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ለብዙ ትውልድ የልጆች መጫወቻ ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው፣ አንዳንዶቹም ውድ ዋጋ የሚያወጡ ቅርሶች ኾነዋል። ከአያቱ አንድ ሣጥን ባቡር የወረሰ ሰው ምንነቱን ሳይለይ አጥቦና ቀለም ቀብቶ ለገበያ ቢያቀርበው ግን የዋጋውንም የታሪኩንም ማስረጃ በገዛ እጁ ያጠፋል።

በዘርፉ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣው አምራቾች መካከል እ.አ.አ በ1859 በጀርመን ጌፒንገን ከተማ የተመሠረተው ሜርክሊን አንዱ ነው። ድርጅቱ የጀመረው የአሻንጉሊት ቤት የማዕድ ቤት ዕቃዎችን ከቆርቆሮ በመሥራት ነበር። በ1891 በላይፕሲሽ የንግድ ትርኢት ላይ በሞላ የሚሽከረከር ባቡር ከነሐዲዱ አቀረበ፤ የሐዲዶቹንም ስፋት በወጥ መለኪያ ወሰነ። በአሜሪካ ደግሞ በ1900 በኒውዮርክ የተመሠረተው ላየነል በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ባቡሮችን በስፋት አሰራጭቷል።

ለመለየት የመጀመሪያው ርምጃ መለካት ነው። በሁለቱ የውጭ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ከኾነ “ኦ”፣ 22 ነጥብ 5 ከኾነ “ኤስ”፣ 16 ነጥብ 5 ከኾነ ደግሞ “ኤች ኦ” የሚባለው መጠን ነው። “ኤች ኦ” የእውነተኛው ባቡር 87ኛ እጅ ነው። በኢትዮጵያ ባቡሮች ሲሰላ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይኾናል። የአዲስ አበባ - ጅቡቲ አዲሱ መስመር 1 ሺህ 435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው በዚህ ልኬት 16 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይኾናል። በ1917 እ.አ.አ አዲስ አበባ የደረሰው ነባሩ መስመር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር በመኾኑ፣ አምሳያው 12 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ጠባብ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ቁጥሩ ነው። በላየነል ፉርጎዎች ጎን ላይ የታተመው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካው የሽያጭ መለያ ነው። ለአብነት 6464 የሚለው ቁጥር ከ1953 ጀምሮ የወጡ ዝግ የዕቃ መጫኛ ፉርጎዎችን ያመለክታል። የፉርጎዎቹ ማያያዣም ዘመንን ይናገራል፤ እንደ እጅ ጣት ታጥፎ የሚቆላለፈው ዓይነት በላየነል ባቡሮች ላይ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ በ1945 ነው። ይሁን እንጅ ማያያዣና ጎማ ሊቀየሩ ስለሚችሉ በአንድ ምልክት ብቻ መወሰን አይገባም።

ሌላው የሚመረመረው ብረቱ ነው። ከጦርነቱ በፊት በዚንክ ቅይጥ የተሠሩ አንዳንድ አካላት እንደ እርሳስ ያለ ባዕድ ነገር ስለተቀላቀለባቸው ከጊዜ በኋላ ያብጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ በመጨረሻም ይፈረካከሳሉ። ጉዳቱ ከውስጥ የሚመነጭ በመኾኑ መድኃኒት የለውም፤ እርጥበት ደግሞ ያባብሰዋል። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ስንጥቅና ጥመት መኖሩን ማየት አለበት።

የማስመሰል ሥራም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ላየነል በ1957 ለሴት ልጆች ብሎ ያወጣው ሮዝ ሎኮሞቲቭ ያለው ባቡር በወቅቱ ገበያ አልቀናውም። በዚህም ምክንያት ዛሬ ብርቅ ኾኗል፤ አስመስለው የሠሯቸውና ቀለም የቀየሩላቸውም ተበራክተዋል። በጭረት ሥር ሌላ ቀለም መታየቱ፣ የብሎን ቀዳዳ ውስጥ አዲስ ቀለም መግባቱ፣ የቁጥሩ ጽሑፍ ከዕድሜው በላይ ደማቅ መኾኑ የጥርጣሬ ምልክቶች ናቸው።

እ.አ.አ በ1954 የተመሠረተው የአሜሪካ የባቡር ሰብሳቢዎች ማኅበር የዕቃውን ይዞታ ከ1 እስከ 10 በሚደርስ ደረጃ ይመዝናል። ያልተነካ ቀለምና ዕቃው የወጣበት ካርቶን ዋጋን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ አሮጌ ባቡር ያገኘ ሰው አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፍ፤ የተቀደደ ካርቶንም ቢኾን አይጣል። ያረጀ የኤሌክትሪክ ገመድ አደጋ ስለሚያስከትል ባለሙያ ሳያየው ከመብራት ጋር አያገናኝ። ፎቶ ካነሣና ቁጥሩን ከመዘገበ በኋላ ብቻ ስለ ሽያጭ ያስብ። የጠፋ ዝገት አይቆጭም፤ የጠፋ ማስረጃ ግን አይመለስም።