የባቄላ ሥር ምን ይሠራል?

ገበሬ አንባቢያን፣ ይህን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ። ባቄላ ወይም አተር በቆየበት ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ ቢዘራ ያምራል። ቅጠሉ ይለመልማል፤ ዛላው ይሞላል። ስንዴ በስንዴ ላይ ሲደጋገም ግን መሬቱ ይደክማል። ቡቃያው ይቀጭጫል፣ ቢጫ ይሆናል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን አይተው እህልን እያፈራረቁ ሲዘሩ ኖረዋል።

ነገሩ ይታወቃል። ምክንያቱስ? ባቄላ ለመሬቱ ምን ትቶለት ይሄዳል? የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ገበሬ ሥራውን አስተካክሎ ይሠራል። ለማዳበሪያ የሚያወጣውንም ገንዘብ በቦታው ያውላል።

ቆፍራችሁ ተመልከቱ

ከሁሉ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ባቄላው ማበብ ሲጀምር ወደ ማሳችሁ ሂዱና አንድ ተክል ምረጡ። በእጃችሁ ጎትታችሁ አትንቀሉት፤ ቀጫጭኑ ሥር ተበጥሶ መሬት ውስጥ ይቀራል። ዙሪያውን ቆፍሩና ከነአፈሩ አንሡት። ከዚያ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ እጠቡት።

በሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ታያላችሁ። አንዳንዱ የጎመን ዘር ያህላል፤ አንዳንዱ ከምስር ፍሬ ይበልጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «በሽታ ነው» ይላል። በሽታ አይደለም። የስንዴ ወይም የጤፍ ሥር ቆፍራችሁ ብታዩ እንዲህ ያለ እብጠት አታገኙም። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጓያ፣ አብሽና ግብጦ ግን አላቸው።

እርግጥ ሥርን የሚያሳብጥ በሽታም አለ። የሚያመጣውም በዓይን የማይታይ ትል ነው። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ጤነኛው እብጠት ከሥሩ ጎን ተለጥፎ ይገኛል፤ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ትሉ ያመጣው እብጠት ግን ራሱ ሥሩ የወፈረበት ነው፤ በጣት አይረግፍም።

አሁን አንዱን ጤነኛ እብጠት በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ያለ፣ ሥጋ የመሰለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም፣ ወይም ጭራሽ አይሠራም። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል። ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? የሚሠራውስ ማን ነው?

በእብጠቱ ውስጥ የሚኖሩት

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከሕዋስ የተሠራ ነው። የድንጋይ ካብ ከብዙ ድንጋይ እንደሚሠራ፣ የሰውም የበሬም የባቄላም አካል ከብዙ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ነገር ግን መላ አካላቸው አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ፍጥረታትም አሉ። ከእነዚህ መካከል ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። ባክቴሪያ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ማይክሮስኮፕ ጥቃቅን ነገርን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። አንድ ሺህ ባክቴሪያዎች ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ የአንዲት ምስር ፍሬ ስፋት አይሞሉም።

ባክቴሪያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሽታን ነው። እውነት ነው፤ የሳንባ ነቀርሳን፣ ኮሌራንና የከብት አባ ሰንጋን የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ዳሩ ግን ሁሉም ጠላት አይደሉም። ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ፍግን አበስብሰው አፈር የሚያደርጉትም አሉ።

በባቄላ ሥር እብጠት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ራይዞቢየም ይባላሉ። አስቀድሞ የሚኖሩት በአፈር ውስጥ ነው። ባቄላው ሲበቅል ከሥሩ ወደ አፈሩ የሚለቀው ንጥረ ነገር አለ። ይህ ለእነሱ እንደ ጥሪ ነው። እነሱም በበኩላቸው መልስ የሚሆን ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ተክሉ በዚህ ይለያቸውና ያስገባቸዋል። እንደ ፀጉር በቀጠነው ሥር በኩል ገብተው ይራባሉ። ተክሉም በዙሪያቸው ቤት ይሠራላቸዋል። እብጠቱ ማለት ያ ቤት ነው።

ከአየር የሚገኝ ማዳበሪያ

ማንኛውም ተክል ለማደግ ናይትሮጅን ያስፈልገዋል። ያለ ናይትሮጅን ቅጠል አይለመልምም፤ ፍሬም አይሞላም። እኛ ከጥራጥሬ፣ ከሥጋና ከወተት የምናገኘው ገንቢ ምግብ፣ ማለትም ፕሮቲን፣ ያለ ናይትሮጅን አይሠራም።

ናይትሮጅን ያለው የት ነው? ብዙው በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ነው። አየርን 100 እጅ ብናደርገው 78ቱ እጅ ናይትሮጅን ነው። ታዲያ ስንዴው በናይትሮጅን ተከብቦ ሳለ ለምን ናይትሮጅን አጥቶ ይገረጣል?

በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት እየሆነ በጽኑ የተቆራኘ ነው። ተክል ይህን ቁርኝት መፍታት አይችልም። ስንዴው ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ እንደጠፋበት ሰው ነው፤ እህሉ በደጁ እያለ ይራባል። ራይዞቢየም ግን ቁልፉ አለው። ቁርኝቱን ይፈታና ናይትሮጅኑን ተክል ሊጠቀምበት ወደሚችል አሞኒያ ይለውጠዋል።

ይህ ሥራ ብዙ ጉልበት ይፈጃል። ጉልበት የሚገኘው ደግሞ ከምግብ ነው። ራይዞቢየም በጨለማ አፈር ውስጥ ሆኖ ምግብ መሥራት አይችልም። ባቄላው ግን ይችላል። የባቄላው ቅጠል በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ ከአየርና ከውሃ ስኳር ይሠራል። ከዚህ ስኳር ከፍሎ ለባክቴሪያዎቹ ወደ ሥሩ ይልክላቸዋል። እነሱም ናይትሮጅን ይሰጡታል።

ይህ ወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ያንተን አርሜ፣ ነገ አንተ የኔን ታርምልኛለህ እንደምንባባለው ያለ ነው። ከአቀንጭራ ጋር ብታነጻጽሩት ይበልጥ ይገባችኋል። አቀንጭራም እንዲሁ ከማሽላ ሥር ትጣበቃለች። ነገር ግን ውሃውንና ምግቡን ትመጣለች እንጂ የምትሰጠው የለም። የአቀንጭራዋ ኑሮ ጥገኝነት ነው፤ የራይዞቢየም ኑሮ መረዳዳት ነው።

ሳይንስ እንዴት ደረሰበት?

ገበሬ ለብዙ ዘመን በማሳው ያየውን ሳይንስ ምክንያቱን ያገኘው ቆይቶ ነው። ኸልሪገልና ቪልፋርት የሚባሉ ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች ናይትሮጅን በሌለው አሸዋ ላይ እህል ዘሩ። አሸዋው ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር እንዳይኖር አስቀድመው በሙቀት አጸዱት። አጃውና ገብሱ ቀጨጨ። አተሩም ቀጨጨ። ከእርሻ አፈር የተጠለለ ጥቂት ውሃ የጠጣው አተር ግን ሥሩ እብጠት አወጣና ለመለመ። ያው ውሃ ከተፈላ በኋላ ሲሰጠው ግን አልጠቀመውም። እንግዲህ አተሩን የረዳው በውሃው ውስጥ የነበረ፣ ሲፈላ የሚሞት ሕያው ነገር ነበር። ይህን ሥራቸውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888፣ በኛ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በጽሑፍ አወጡት። በዚያው ዓመት ቤየሪንክ የተባለ የሆላንድ ሰው ባክቴሪያውን ከእብጠቱ ለይቶ አወጣው።

ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ናይትሮጅኑን የሚያገኘውም ከዚሁ አየር ነው። ፋብሪካ ቁርኝቱን የሚፈታው በታላቅ ሙቀትና ግፊት ነው። በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይገኛል። ጥሩ ሆኖ የበቀለ የአንድ ሄክታር ባቄላ ከአየር የሚይዘው ናይትሮጅን ከ100 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ለመሬቱ አይቀርም። አብዛኛው ወደ ፍሬው ገብቶ ከማሳው ይወጣል። ለመሬቱ የሚቀረው በሥሩ፣ በረገፈው ቅጠልና በቅሪቱ ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ አያያዛችሁ ይወስነዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. እህልን አፈራርቁ። ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከጤፍ በኋላ ጥራጥሬ ዝሩ። ማፈራረቅ የስንዴን በሽታም ይቀንሳል።

2ኛ. ሥሩን ለመሬቱ ተዉለት። በብዙ ቦታ ባቄላና ምስር የሚሰበሰበው በመንቀል ነው። እብጠቱና ሥሩ አብሮ ተነቅሎ አውድማ ይሄዳል። የሚቻል ከሆነ በማጭድ እጨዱት። ገለባውን ከብት ከበላውም ፍጉ ወደ ማሳ ይመለስ።

3ኛ. ውሃ አታስተኙበት። ሥሩም ባክቴሪያውም አየር ይፈልጋሉ። ዋልካ መሬት ላይ ቦይ አውጡና ውሃውን አጠንፍፉ።

4ኛ. ዩሪያን በባቄላ ላይ አታብዙ። ባቄላው ናይትሮጅንን ከአፈሩ በቀላሉ ካገኘ ለባክቴሪያዎቹ ቤት መሥራቱን ይቀንሳል። ገንዘባችሁም ከንቱ ይቀራል።

5ኛ. አፈራችሁን አስመርምሩ። አሲድ የበዛበት አፈር ባክቴሪያዎቹን ይጎዳል። እንዲህ ያለውን አፈር ኖራ በመጨመር ማሻሻል ይቻላል። የኖራውን መጠን የሚወስነው ምርመራው ነው።

6ኛ. እብጠት ካጣችሁ፣ ወይም ያገኛችሁት ውስጡ ነጭ ብቻ ከሆነ፣ በአፈራችሁ ውስጥ ተስማሚው ራይዞቢየም ላይኖር ይችላል። ይህ በተለይ ያ ጥራጥሬ ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ላይ ይደርሳል። ራይዞቢየም ተዘጋጅቶ በከረጢት ስለሚሸጥ የግብርና ልማት ሠራተኛውን ጠይቁ። ዘሩን በስኳር ውሃ ለቆ ማድረግ፣ ባክቴሪያውን ማዳረስና በዚያው ቀን ዘርቶ በአፈር ማልበስ ነው። ሥራው በጥላ ሥር ይሁን። ከረጢቱም ፀሐይና ሙቀት አይንካው፤ በውስጡ ያለው ሕያው ፍጡር ነው፣ ይሞታል።

7ኛ. የየእህሉን ለየእህሉ ስጡ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ በአንድ ዓይነት ራይዞቢየም ይረዳሉ። ሽምብራ ግን የራሱ አለው። አኩሪ አተርም የራሱ አለው። ለሽምብራ የተዘጋጀውን ባቄላ ላይ ብታደርጉት አይሠራም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የባቄላ ሥር እብጠት ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ምን ማለት ነው?
2. ስንዴ በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን መጠቀም ያልቻለው ለምንድን ነው?
3. ባቄላው ለራይዞቢየም ምን ይሰጣል? ራይዞቢየምስ ለባቄላው?
4. ራይዞቢየምና አቀንጭራ በምን ይለያያሉ?
5. በእናንተ ማሳ ባቄላ የሚሰበሰበው በመንቀል ነው ወይስ በማጨድ? የቱ ይሻላል? ለምን?

አምስተኛውን ጥያቄ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት፤ ከዚያም አብራችሁ ማሳ ወርዳችሁ አንድ ባቄላ ቆፍራችሁ እዩ።