አውቶማቲክ መኪና ተገፍቶ የማይነሳው ለምንድን ነው?

ባትሪው የደከመ መኪናን ሰዎች ተረባርበው ሲገፉ ማየት በከተማም በገጠርም የተለመደ ነው። ማርሹ በእጅ የሚቀየር መኪና በዚህ መንገድ ይነሳል። በዛሬ ጊዜ የሚሠራባቸው አውቶማቲክ መኪኖች ግን የቱንም ያህል ቢገፉ አይነሱም። ምክንያቱን ለመረዳት በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚገኘውን «ቶርክ ኮንቨርተር» የተሰኘ ክፍል ማወቅ ያስፈልጋል።

በማኑዋል መኪና የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲክ መኪና ይህን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው።

የመስኖ ፓምፕ ውኃን በኃይል ይገፋል፤ የውኃ ወፍጮ ደግሞ በውኃ ግፊት ይሽከረከራል። ቶርክ ኮንቨርተር እነዚህን ሁለት አሠራሮች በአንድ የታሸገ ቀፎ ውስጥ ፊት ለፊት ያገናኘ ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ባለ ክንፍ ክፍል ዘይቱን ይወረውራል፤ ዘይቱም ከካምቢዮው ጋር የተያያዘውን ሌላ ባለ ክንፍ ክፍል መትቶ ያዞረዋል። በመካከላቸው ያለው «ስታተር» የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ ስለሚያስተካክል፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩ የማሽከርከር ጉልበት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያድጋል። የዚህን አሠራር መሠረት እ.ኤ.አ. በ1905 ለመርከብ አገልግሎት የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር ነው።

አሽከርካሪው ፍሬን ይዞ ሲቆም ሞተሩ የማይጠፋውም ዘይቱ በክንፎቹ መካከል ስለሚንሸራተት ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግን በአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ሁለቱ ክፍሎች ተቆላልፈው አብረው ስለሚዞሩ ነዳጅ ይቆጠባል።

የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ የዘይት ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ደግሞ ማርሽ አይይዝም። ስለዚህ የጎማው መዞር ወደ ሞተሩ አይደርስም። መፍትሔው ከሌላ ባትሪ በኬብል ማስነሳት ነው። መኪናው የሚጎተት ከሆነም ኃይል የሚቀበሉት ጎማዎች ከመሬት ሊነሱ ወይም መኪናው በሌላ ተሽከርካሪ ላይ ሊጫን ይገባል፤ አለበለዚያ ካምቢዮው ያለ በቂ ዘይት እየዞረ ሊጎዳ ይችላል።

የዘይቱ መንሸራተት ሙቀት ይፈጥራል። ዳገት ላይ በፍሬን ፈንታ ነዳጅ እየሰጡ መኪናውን ይዞ መቆየት፣ ወይም ጎማው ጭቃ ውስጥ ተይዞ አልዞር ሲል ነዳጅ መርገጥ ዘይቱን ያቃጥለዋል። ዘይቱ ከጠቆረ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለው፣ መኪናው መንገድ ላይ ከመቆሙ በፊት ባለሙያ ሊያየው ይገባል።